የልጅ ገላ ሲበልዝ፦ የማየትና የመጠየቅ ግዴታ

ብልዝ ከቆዳ በታች የፈሰሰ ደም ነው። ልጅ ሲወድቅ ወይም ሲመታ ቆዳው ሳይቀደድ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበጠሳሉ፤ ደሙም መውጫ ስለሌለው በዙሪያው ባለው ሥጋ ውስጥ ይቋጠራል። ሕክምናው ነገሩን በአጭሩ ሊያስረዳው ይችላል። በቤተሰብ ውስጥ ግን ብልዝ ሰፋ ያለ ጥያቄ ያስነሳል፤ የልጁን ገላ ያየ ትልቅ ሰው ምን የማድረግ ግዴታ አለበት? «ልጅ ነው፣ ይወድቃል» ብሎ ማለፍ ይቻላል። «ፈጣሪ ያውቃል» ብሎ መተውም አለ። ሐኪም ዘንድ መውሰድም፣ «ማን ነካህ?» ብሎ መጠየቅም አለ። ከእነዚህ አንዱን መምረጥ እውቀት ብቻ የሚፈታው ነገር አይደለም፤ ሥነ ምግባርንና እምነትንም ይነካል። ምክንያቱም ምልክቱን የተሸከመው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ራሱ መናገር አይችልም፤ ወይም መናገር ይፈራል።

አብዛኛው ብልዝ የጤነኛ ልጅ ምልክት ነው። ከአሰላ በስተደቡብ 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የምትገኘው በቆጂ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራው አካባቢ ልጅ የሚሮጥበት፣ ከብት የሚያግድበት፣ ፈረስ የሚጋልብበትና እንጨት የሚለቅምበት ደጋ ነው። የስድስት ዓመት እረኛ ማታ ወደ ቤት ሲገባ ቅልጥሙ ላይ ሁለት ሦስት የጠቆሩ ቦታዎች ቢታዩ፣ ጉልበቱ ቢላጥ፣ ግንባሩ ላይ እብጠት ቢኖር የሚያስደንቅ ነገር የለም። ልጅ ሲወድቅ መሬት ቀድሞ የሚያገኘው አጥንት ከቆዳ ሥር ቅርብ የሆነበትን ቦታ ነው፦ ቅልጥምን፣ ጉልበትን፣ ክርንን፣ ግንባርንና አገጭን። እንዲህ ያለው ብልዝ መድኃኒት አይፈልግም። ቀዝቃዛ ጨርቅ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቢያዝበት፣ እግሩም ከፍ ብሎ እንዲያርፍ ቢደረግ ይበቃዋል። በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥም ይጠፋል። በኃይል ማሸት ግን የተበጠሱትን የደም ሥሮች ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም።

ብልዙ ሲድን ቀለሙ ይለዋወጣል። ሰውነት የፈሰሰውን ደም እየሰባበረ ሲያስወግድ መጀመሪያ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ የነበረው ይጠቁራል፤ ከዚያ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቡናማ እየሆነ ይጠፋል። በጠይም ቆዳ ላይ ግን እነዚህ ቀለሞች በቀላሉ አይለዩም። የበለዘው ቦታ ከአካባቢው ቆዳ ጠቆር ብሎ ብቻ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ዓይን ብቻውን አይበቃም፤ በእጅ ዳሰስ አድርጎ እብጠት፣ ሙቀት ወይም ሕመም መኖሩን መመርመር ያስፈልጋል። በደጋ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። በቆጂ ብርዳማ ስለሆነች ልጅ ተደራርቦ ይለብሳል፤ ጀርባው፣ ሆዱና ጎኑ ለቀናት አይታይም። መላ ገላው በአንድ ጊዜ የሚታየው ሲታጠብ ወይም ቅቤ ሲቀባ ነው። እናት፣ አያት ወይም ሞግዚት ልጁን በቀን ብርሃን ስታጥብ የምታየው ነገር ለጤናው ትልቅ ዋጋ ያለው ምርመራ ነው።

ብልዝ ትርጉሙ የሚለወጠው በልጁ ዕድሜና በምልክቱ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 973 ጨቅላዎችንና ትንንሽ ልጆችን መርምሮ ነበር። ስድስት ወር ካልሞላቸው መካከል ብልዝ የተገኘባቸው 0.6 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ መራመድ ከጀመሩት ግን ከግማሽ በላይ በልዘው ተገኝተዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ያልተንፏቀቀ፣ ያልዳኸና ቆሞ ያልሄደ ሕፃን ራሱን የሚያጋጭበት አቅም የለውም። በአንቀልባ ታዝሎ የሚውል የሦስት ወር ጨቅላ ጉንጩ ላይ ወይም ጆሮው ላይ ትንሽ የጠቆረ ቦታ ቢታይ ከሚሮጥ ልጅ የበለዘ ቅልጥም ይበልጥ ያሳስባል። ቤተሰቡ ከትልቁ ልጅ ብዙ ብልዝ ይልቅ ለጨቅላው አንዲት ትንሽ ምልክት መጨነቅ ይገባዋል።

ከዚህ በመነሳት የሕፃናት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ መመዘኛ አውጥተው በ2021 አሻሽለውታል። በዚህ መመዘኛ መሠረት ዕድሜው ከአራት ዓመት በታች በሆነ ልጅ ደረት፣ ሆድ፣ ጀርባ፣ መቀመጫ፣ ጆሮ ወይም አንገት ላይ የታየ ብልዝ በጥንቃቄ መመርመር አለበት። የላይኛውን ከንፈር ከድድ የሚያያይዘው ሥጋ መቀደድ፣ የመንጋጋ ማዕዘን፣ የጉንጭ ሥጋና የዓይን ቆብ መበለዝ፣ የዓይን ነጩ ክፍል ደም መቋጠርም እንዲሁ ነው። የእጅ ጣት፣ የገመድ፣ የቀበቶ ወይም የአርጩሜ ቅርጽ የያዘ ምልክትም የሚመደበው እዚሁ ነው። አራት ወር ገደማና ከዚያ በታች በሆነ ሕፃን ደግሞ ብልዝ የትም ቦታ ቢሆን ሐኪም ሊያየው ይገባል። ከላይ የተዘረዘሩት ቦታዎች ለስላሳና የተሸሸጉ በመሆናቸው በተራ አወዳደቅ እምብዛም አይነኩም።

ሆኖም ያለ ምት የሚበልዝ ገላም አለ። ደም እንዲረጋ ፕላትሌት የተባሉት ጥቃቅን ሕዋሳትና የደም ማርጊያ ፕሮቲኖች አብረው መሥራት አለባቸው። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ልጁ በትንሽ ነገር ይበልዛል፤ ወይም ድዱ ይደማል፤ ነስሩ አይቆምም። ልጅ ጉንፋን በመሰለ ሕመም ከተያዘ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሰውነቱ የራሱን ፕላትሌቶች ማጥፋት ሊጀምርና ገላው በድንገት በነጠብጣብ ሊሞላ ይችላል። አብዛኞቹ ልጆች ከዚህ በጊዜ ይድናሉ፤ ምርመራው ግን የግድ ነው። ከድካም፣ ከገርጣታ፣ ከማይለቅ ትኩሳትና ከአጥንት ሕመም ጋር የሚመጣ ብልዝ የደም ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። ጨቅላ ሲወለድ ቫይታሚን ኬ በሰውነቱ ውስጥ ጥቂት ስለሆነ በሕክምና ተቋም ሲወለድ ጭኑ ላይ መርፌ ይሰጠዋል። በ2011 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የሚወለዱት 48 በመቶ ገደማ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ቤት የተወለደ ሕፃን ይህን መርፌ ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ በቤት የተወለደ ጨቅላ እትብቱ ሲደማ ወይም ገላው ሲበልዝ ቤተሰቡ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት።

በዘር የሚተላለፈው ሄሞፊሊያ ሃይማኖትና ምርመራ የተገናኙበት ጥንታዊ ምሳሌ ነው። ይህ ሕመም በብዛት የሚታየው በወንዶች ሲሆን የሚተላለፈው በእናት በኩል ነው፤ ዋናው ዓይነቱም ከ5000 ወንድ ልጆች በአንዱ ገደማ ይታያል። የአይሁድ ሊቃውንት በታልሙድ እንደ ደነገጉት ሁለት ልጆቿ በግርዛት ደም ፈስሷቸው የሞቱባት እናት ሦስተኛ ልጇን አታስገርዝም። ግርዛት የአብርሃም ቃል ኪዳን ምልክት ሆኖ ሳለ የልጁ ነፍስ ቀደመች። በአሥረኛውና በአሥራ አንደኛው መቶ ዘመን መባቻ የኖረው የኮርዶባው ሐኪም አዝ-ዘህራዊም ወንዶቹ በትንሽ ቁስል ደማቸው ፈስሶ ስለሚሞቱበት መንደር ጽፏል። ሁለቱም ላቦራቶሪ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ዓይንና የታዩትን ነገሮች ማገናኘት ነው። ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ልጃቸውን በስምንተኛው ቀን በሚያስገርዙበት፣ ሙስሊሞችም በሚያስገርዙበት፣ በቆጂ በምትገኝበት አርሲ ይህ ትምህርት ዛሬም ይሠራል። ከግርዛት፣ እንጥል ከማስቆረጥና ከጥርስ ማስነቀል በፊት «በእናቱ ወገን ደሙ የማይቆም ወንድ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ሕይወት ያተርፋል። እንጥል ማስቆረጥማ ለጤነኛ ልጅም ጥቅም የለውም፤ ጉዳቱ ግን የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ የእምነት ጥያቄ ይነሳል፦ ልጅን ለሐኪም ማሳየት በፈጣሪ አለመታመን ነውን? ብዙ ቤተሰቦች ገላው የበለዘ ልጅ ሲያዩ መጀመሪያ የሚያስቡት ዓይን ወይም ቡዳን ነው፤ ጸበል ይወስዱታል ወይም ቁርኣን ያስቀሩበታል። በጸሎት መታመን ነውር የለበትም። ነውሩ ጸሎቱ የመመልከትን ሥራ ሲተካ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠረው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ ሐኪምም መድኃኒትም የእግዚአብሔር ፍጥረት መሆናቸውን ያስተምራል፤ በሽተኛው መጸለይንም ሐኪም መጥራትንም እንዲያደርግ ያዛል። በእስልምናም ነቢዩ ሙሐመድ ምእመናንን እንዲታከሙ ማዘዛቸው፣ አላህ ፈውስ ያላኖረለት በሽታ አለመኖሩን ማስተማራቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ኢትዮጵያ ይህን ጥያቄ በሌላ ፈተና ውስጥ አልፋበታለች። በ1990ዎቹ መጨረሻ ብዙ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበል ለመጠመቅ ሲሉ መድኃኒት ሲያቋርጡ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ በመሆናቸው አብረው እንዲወሰዱ አሳስበዋል። መልሱ ለሕፃን ሲሆን ይበልጥ ይጸናል። ትልቅ ሰው በራሱ ሰውነት ላይ በእምነቱ ሊወስን ይችላል፤ ልጅ ግን የራሱን ምርጫ ገና አልመረጠም። ወላጅ በልጁ ስም ሲታገስ የሚከፍለው ዋጋ የራሱ አይደለም።

ቀጣዩ ጥያቄ ከባድ ነው፤ ምልክቱን ያደረገው የገዛ ወገን ሲሆንስ? በአገሪቱ በአርጩሜ ማሳደግ እንደ ፍቅር ተቆጥሮ ኖሯል። ሲራክ በምዕራፍ 30 ልጅን መግረፍን ያመሰግናል፤ መጽሐፈ ምሳሌም በትርን የሚተውን አባት ይወቅሳል። እነዚህን ቃላት ጨብጦ የሚገርፍ ሰው ግን የዚያኑ ትውፊት ሌላ ወገን ማድመጥ አለበት። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ ያስጠነቅቃል። በቤተ ክርስቲያን አፈወርቅ ተብሎ የሚታወቀው ቅዱስ ዮሐንስ ስለ ልጆች አስተዳደግ ሲጽፍ ልጅ በትር እንዳይለምድ፣ ፍርሃቱ እንዲኖርበት እንጂ ምቱ እንዳይበዛበት መክሯል። በእስልምናም ፊትን መምታት የተከለከለ መሆኑ በሐዲስ ይገኛል፤ ዛሬ ሐኪሞች አጥብቀው የሚመረምሩትም የጉንጭንና የዓይን ቆብን ብልዝ ነው።

ከሁሉ ጠልቆ የገባው ግን የሰሜን አፍሪካው አውግስጢኖስ ነው። ኑዛዜ በተባለው መጽሐፉ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዳይገረፍ ወደ እግዚአብሔር ይጸልይ እንደነበረ፣ ክፉ የማይመኙለት ወላጆቹ ሳይቀሩ በሰንበሩ ይስቁ እንደነበረ ያስታውሳል። አውግስጢኖስ ያሳየው ትልቅ ሰውን ከልጅ የሚለየውን ርቀት ነው። ለገራፊው አልፎ የሚረሳ ነገር ለልጁ በዚያች ሰዓት ዓለሙን የሞላ መከራ ነው። ስለዚህ የምቱ ክብደት በመቺው አሳብ ብቻ ሊመዘን አይችልም። «ክፉ አስቤ አይደለም» የሚለው ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ የልጁ ገላ ላይ የቀረውን ግን አያነሳም። ሰንበር የተው ቅጣት፣ የመቺው ሐሳብ ምንም ቢሆን፣ ከልጁ አቅም ያለፈ ኃይል እንደተጠቀመ በራሱ ይመሰክራል።

ሕጉም በዚህ አቅጣጫ ተራምዷል። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካላዊ ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 ልጅን ማንገላታትን ይቀጣል፤ ለአስተዳደግ የሚደረግን ተገቢ የሥነ ሥርዓት እርምጃ ግን በወንጀልነት አይቆጥርም። ስለዚህ በቤት ውስጥ «ተገቢ» የሚባለው የት ላይ ያበቃል የሚለው ጥያቄ ለወላጅ ሕሊና ቀርቷል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም የመጀመሪያዋ ሆና ልጅን መምታትን በቤት ውስጥም ጭምር ከልክላለች። የአርሲ ኦሮሞ ባህል ራሱም ደካማን ከጉልበት የሚጠብቅበት ሥርዓት አለው። ሰፉ የተባለው የሥነ ምግባር ሥርዓት ለእያንዳንዱ ተገቢውን ክብር መስጠትን ያዛል። የወለደች እናት ወዩ ናት፤ ማለትም የተከበረችና የማትደፈር ናት። እሷ ብትመታ ሴቶች ስንቄ የተባለውን በትራቸውን ይዘው ወጥተው ይፋረዳሉ። እናትን ከምት የሚጠብቅ ሕዝብ ይኸንኑ ክብር ለታቀፈችው ልጅ መዘርጋት ከባህሉ ጋር አይጋጭበትም፤ ከባህሉ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ሲባል ብልዝ ብቻውን የፍርድ ማስረጃ አይደለም። የብልዝን ዕድሜ በቀለሙ መናገር አስተማማኝ አለመሆኑን ሐኪሞች አረጋግጠዋል፤ «ይህ የትላንት ነው፣ ያ የሦስት ቀን ነው» ብሎ ሰው መክሰስ ስሕተት ነው። ብዙ ጠይም ሕፃናት ወገባቸውና መቀመጫቸው ላይ ሰማያዊ መልክ ያለው ምልክት ይዘው ይወለዳሉ። እሱ ብልዝ ሳይሆን የቆዳ ቀለም ነው፤ አያምም፤ ቀናት ሲያልፉም አይለወጥም፤ ልጁ ሲያድግ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። ዋግምትም ክብ ክብ ምልክት ይተዋል። ሄሞፊሊያ ያለበት ልጅ ተደብዳቢ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ሁለት በደሎች አሉ፤ አንዱ ምልክትን አይቶ ዝም ማለት ነው፤ ሁለተኛው ምልክትን አይቶ ሳይጠይቁ እናትን ወይም ሠራተኛን መወንጀል። ሁለቱንም የሚያርቀው ጥንቃቄ የተሞላበት ጥያቄ ነው፤ መቼ ሆነ? እንዴት? ማን አብሮት ነበር? የሚነገረው ታሪክ ከልጁ ዕድሜና ከምልክቱ ቦታ ጋር ይስማማል? ከዚህ በፊት ደርሷል? መናገር የሚችል ልጅ ሳይፈራ፣ ለብቻውና መልሱ በአፉ ሳይጎረስለት መጠየቅ አለበት። ጀግንነት ሕመምን በመቻል በሚለካበት አካባቢ ልጅ ሕመሙን መደበቅን ቀድሞ ሊማር ይችላልና።

መቼ ሐኪም ይፈለግ የሚለውን ከላይ ከተባለው መረዳት ይቻላል። ሳይዘገይ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ አሉ። ትኩሳት ካለበት ልጅ ላይ የሚወጣ፣ በብርጭቆ ሲጫኑት የማይጠፋ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፤ ኢትዮጵያም የማጅራት ገትር ቀጠና በተባለው ክልል ውስጥ ናት። በጠይም ገላ ላይ ነጠብጣቡ በመዳፍ፣ በውስጥ እግር፣ በላንቃና በዓይን ቆብ ውስጠኛ ክፍል ይፈለግ። ጭንቅላቱን ተመትቶ የሚያስመልስ፣ የሚያንቀላፋ ወይም ግራ የገባው ልጅም፣ ሆዱ በልዞ የሚያመውም፣ ደሙ ተጭነውት የማይቆምም አስቸኳይ ናቸው። ገና መዳህ ያልጀመረ ሕፃን ማንኛውም ብልዝ ደግሞ በዚያው ቀን ይታይ።

በቀናት ውስጥ ምርመራ የሚያስፈልጋቸውም አሉ፦ ምክንያቱ ያልታወቀና እየበዛ የሚሄድ ብልዝ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ የማይጠፋ፣ ተደጋጋሚ ነስርና የድድ መድማት፣ ገርጣታና ክብደት መቀነስ፣ ያለ ምክንያት ያበጠ መገጣጠሚያ፣ በቤተሰብ ውስጥ የደም አለመርጋት ታሪክ መኖር። ምክንያቱ እስኪታወቅ አስፕሪንም አይቡፕሮፌንም አይሰጥ፤ ሁለቱም ደም እንዳይረጋ ያደርጋሉ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። ያበጠ መገጣጠሚያንም ወጌሻ ሳያሸው ሐኪም ይየው፤ ውስጡ የሚደማ ከሆነ ማሸት ጉዳቱን ያባብሳል።

የመጀመሪያው በር ቅርብ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ስለሚሄዱ ልጁን አይተው ወደ ጤና ጣቢያ ይመሩታል። ሙሉ የደም ቆጠራ ፕላትሌት ማነሱንና አለማነሱን ያሳያል፤ ደም ለመርጋት የሚፈጅበት ጊዜም በምርመራ ይለካል። ከባድ ሲሆን አሰላ ያለው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ሆስፒታል፣ ከዚያም አዲስ አበባ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሪፈር ይቀበላሉ። ወላጅ ምልክቱን ያየበትን ቀን፣ ልጁ የወሰደውን መድኃኒትና የቤተሰቡን ታሪክ ይዞ ቢሄድ ለሐኪሙ ሥራውን ያቀልለታል፤ የተደረገ ዋግምት ወይም ግርፋትም ካለ መደበቅ የለበትም።

እንግዲህ ለተነሳው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ልጅን ማመን፣ ፈጣሪን ማመንና ሐኪምን መጠየቅ እርስ በርስ አይጣሉም፤ ሦስቱም የአንድ ግዴታ ክፍሎች ናቸው። መናገር የማይችል ሰው ያለበትን ሁኔታ ማወቅ የሚቻለው ገላውን በማየት ነውና ማየት ፍቅርን ከሚያስረዱ ሥራዎች አንዱ ነው። ተራውን ብልዝ ያለ ፍርሃት ማሳለፍ፣ እንግዳውን ያለ ማመንታት ማስመርመር፣ በሰው እጅ የመጣውን ያለ ይሉኝታ ማስቆም ከወላጅ፣ ከጎረቤት፣ ከመምህርና ከቄስ ወይም ከሼኽ እኩል ይጠበቃል።